ስመኝ ትስታት የነበረችው ድምፅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሸዋረገድ ኪቦርድ ተጫዋቹን ማቲያስን በጥፊ መታችው እየተባለ ነው። የኳየራችን ሃኒ ከአስፐን ሂል ደውላ ነገረችኝ። አልመታሁትም። ኪቦርዱን ከሶኬት ነቀልኩበት፤ ያውም መዝሙሩን እስኪጨርስ ጠብቄ። ይህን ልዩነት የማይሰማ ሰው ኳየር ውስጥ ምን ይሠራል?

የሆነው ይህ ነው። ቅዳሜ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ኪቦርዱ ላይ ተቀመጥኩ። ዶን ነካሁ... ዶ ነው። ቀጥሎ ያለውን ጥቁር ነካሁ። የማላውቀው ነገር ወጣ። ተበላሸ አልኩ።

“አልተበላሸም እትዬ ሸዋረገድ። እኔ ነኝ ናይንቲን ላይ ያስተካከልኩት። አንዱን ኦክታቭ፣ ከዶ እስከ ዶ ያለውን፣ አሥራ ዘጠኝ እኩል ቦታ ከፍዬው ነው።”

“የተለመደው አሥራ ሁለቱ ምን አደረገህ?”

“ለአንቺሆዬ ቅኝት አይበቃም።”

ሃምሳ ዓመት ያስተማርኩበትን አይበቃም አለኝ። ቀን ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ የሚውል፣ የጫማውን ክር እንኳ በቅጡ የማያስር። ከዚያ መዝሙራችንን በዚያ ነገር ተጫወተልኝ። ሲጨርስ ነቀልኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የነቀልኩት በግራ እጄ ነው። የምማታ ብሆን በቀኝ ነበር። ይህም ይታወቅ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የኳየሩ ሰዎች ይቅርታ እንድጠይቀው ሲጠብቁ ዋሉ። አልጠየቅኩም። እሱ ግን ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ስልኩን ይዞ መጣ።

“አንድ ነገር ላሰማዎት። እናቴ ድሮ የቀዳችው ነው።”

የዚህችው የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን ኳየር፣ ያለ መሣሪያ። አንዲት ሴት ታስጀምራለች። በመጀመሪያው ትንፋሽ አወቅኳት።

“ማን ናቸው?”

“ስመኝ።”

“የአንቺሆዬዋ ሁለተኛ ድምፅ ከፒያኖ ጋር አትገጥምም።”

“ትስታታለች። ያባረርኳትም ለዚህ ነው።”

ኪቦርዱን ወደዚያ ወደ አሥራ ዘጠኙ መለሰና ቅጂውን እንደገና ከፍቶ ከዶ ሁለት እርከን ከፍ ብሎ አንዱን ቁልፍ ነካ። የስመኝ ድምፅና ቁልፉ... አንድ ሆኑ።

“አጋጣሚ ነው” አልኩት።

“ሪላክስ ያድርጉ እትዬ፣ ማንም አልከሰሰዎትም።”

ሪላክስ! እኔን!

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ስመኝን ያስወጣኋት የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። በአርባ ሰው ፊት “ጆሮ የለሽም” ብያት። ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ዛሬ ከፕሮግራም በኋላ ሃኒን ጠየቅኳት፦ የት ደረሰች?

“እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ልጇ ጋር ናት። ግን እኮ እትዬ፣ ከዚያ ወዲህ አትዘምርም። ሕዝቡ ሁሉ ሲዘምር እንኳ አፏን አትከፍትም። ጆሮ የለኝም ነው የምትለው።”

ምሳ አልበላሁም። ሃኒ አብዝታ ጨው ስለምታደርግ ነው ብያታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ የመጀመሪያው ዓመት... እናቴ እንደምትዘምረው ዘመርኩ። ፈረንጇ መምህሬ በማስመሪያ ጣቴን መታችኝ። “በሁለቱ ቁልፎች መሃል ምንም የለም!” አመንኳት። ለስንት ልጅ ያንኑ ደገምኩ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

የድሮ የልምምድ ደብተሮቼን ከሳጥን አወጣሁ። የሁሉም ሰው ስህተት በቀን በቀኑ፣ በቀይ እርሳስ። “ስመኝ፦ ሁለተኛዋን ከፍ አደረገች።” በሚቀጥለው ቅዳሜም ከፍ። ከዚያም ከፍ። አራት ዓመት ሙሉ።

ጆሮ የሌለው ሰው አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ ይላል። ይህን ለስንቱ ተማሪ አስተምሬያለሁ! እሷ አንድ ቀን እንኳ ዝቅ አላለችም። በራሴ እጅ ጽፌ እንዴት አላነበብኩትም?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ከልምምዱ አንድ ሰዓት ቀድሜ ሄድኩ። ማቲያስን ቀድመህ ጠብቀኝ ብዬው ነበር፤ ስምንት ደቂቃ አረፈደ። በአሥራ ዘጠኙ አድርገው አልኩት።

“እርግጠኛ ነዎት?”

“አድርገው አልኩህ!”

ዶን ብቻ ሰጠኝ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ዘመርኩ፣ በዚህ በሻከረ ድምፄ፣ እናቴ እንደምትዘምረው። ሁለተኛዋ ላይ ቆምኩና “አሁን ንካው” የሚል ምልክት በእጄ ሰጠሁት። ነካው።

ያችው ናት። የስመኝ።

ማቲያስ ምንም አልተናገረም። ደግ አደረገ። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ወሬው እውነት ይሆን ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ሃኒ የስመኝን አድራሻ ሰጠችኝ። “ደውለው ቢነግሯትስ?” ትላለች። በአርባ ሰው ፊት የተባለ ነገር በስልክ አይነሣም።

ነገ መጀመሪያ ደብተሮቹን ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ፤ ቀይ እርሳሱ እዚሁ ይቀራል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ ባቡር፣ ከዚያ በቢጫው እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ። “ስመኝ፣ ትክክል ነበርሽ። ጆሮ ያጣሁት እኔ ነኝ” እላታለሁ። ሳላለቅስ። በሩን ብትዘጋብኝ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከከፈተችልኝ፣ ቅዳሜ ይህንኑ በኳየሩ ሁሉ ፊት እንድደግመው እንድትመጣ እለምናታለሁ። ልመና አልችልበትም፤ ባቡር ላይ እለማመደዋለሁ።

ትንፋሽ የምትወስደው ስንኝ መሃል ላይ መሆኑን ግን እነግራታለሁ። እሱ ያኔም ስህተት ነበር።