ስለ ገመዱ ጨዋታና ስለ ሦስተኛው ፎቅ ጣውላ

ይታገስ ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትህ? እኛ ደህና ነን ልልህ አልችልም፤ ውሸት አትወድም። ዛሬ የምጽፈው ለጋሽ ደምለው ነው፤ ሆኖም ከእሳቸው በፊት አንተ እንድትሰማው ፈለግሁ። ከታላቅ ሰው ጋር ስከራከር ድምፄ እንደሚጮህ ታውቃለህ፤ ሁልጊዜም ክርኔን ነካ አድርገህ «ቀስ በል፣ አንተ ክብሪት!» ትለኝ ነበር። እንግዲህ ቀስ ብዬ ልጽፍ ነው። አክብሮቴ ከበዛ አትሳቅብኝ።

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ደምለው፣
የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ፣ የወጣቶች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ እንዲሁም በሞጣ ከተማ እየተሠራ ያለው ባለ ሦስት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፤
ብቸና

ጉዳዩ፦ ኮሚቴዎ ስለ ወንድሜ አሟሟት ያወጣውን የግምገማ ሪፖርት ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎን እንደሚያምዎት ሰምቼ አዝኛለሁ፤ የሚያሠሩትን ፎቅ እስከ ላይ ወጥተው ለማየት የሚያስችል ብርታት እንዲሰጥዎ የምጸልየውም ከልቤ ነው፤ እስካሁን አንድም ቀን ከመሬት ከፍ ብለው እንዳላዩት ሠራተኞችዎ ነግረውኛልና።

ቀጥዬ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ይታገስ በተቀበረ ዕለት ድንኳኑን ያስተከሉት፣ አግዳሚ ወንበሩን ያስጫኑት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከአባቴ ጎን ሳይነሡ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። ይህን ውለታ ቤታችን አይረሳውም። በተለይ አባቴ አቶ አምባቸው ጨርሶ አልረሳውም፤ በዚህም ምክንያት የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ አዳራሽ የሚያቀርቡለትን የስምምነት ወረቀት ሊፈርም ተዘጋጅቷል። «ድንኳኔን የተከለልኝን ሰው በየትኛው አፌ እምቢ እለዋለሁ?» ይላል። ወረቀቱ፣ ልጁ በሞጣው ፎቅዎ ሥራ ላይ ሳለ በስልክ ጨዋታ ተመስጦ በራሱ ጥፋት እንደወደቀ ይናገራል። አባቴ ከፈረመበት ለፖሊስ ይሰጣል፤ መዝገቡም ይዘጋል። እንዳይፈርም ብለምነው «አንተ ልጅ ነህ፤ የሽማግሌ ነገር አይገባህም» አለኝ። እኔ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ በእድሩ ድምፅ የለኝም፣ በወረቀቱም ላይ የምፈርምበት ቦታ አልተተወልኝም። ስለዚህ ደብዳቤዬን በእድራችን የቴሌግራም ቡድን ላይ አወጣሁት። እሑድ ከመድረሱ በፊት አባላቱ ሁሉ አንብበውት ከአባቴ ጋር ቢነጋገሩበት ብዬ ነው።

ሪፖርቱ እንደ ማንኛውም ግምገማ «ጠንካራ ጎን» እና «ደካማ ጎን» የሚሉ ሁለት ርእሶች አሉት። ጨዋታውን በተመለከተ በጠንካራ ጎን ሥር የተጻፈው «የለም» የሚል አንድ ቃል ሲሆን፣ በደካማ ጎን ሥር ግን አራት ነጥቦች ተዘርዝረዋል። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት ጨዋታውን ዐይቶ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ስብሰባ በከፈታችሁ ቁጥር «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» የምትሉ አባቶች ያላያችሁትን እንዲህ አሳምራችሁ መገምገም መቻላችሁ ስላስደነቀኝ፣ የጎደለውን ልሞላላችሁ ተነሥቻለሁ።

ጨዋታው በስልክ የሚጫወቱት ነው። ስሙ የውጭ አገር ስለሆነ እኛ «ገመዱ» እንለዋለን። ሦስት ሰዎች ወገባቸው በአንድ ገመድ ተያይዞ፣ ከጣውላ ወደ ጣውላ እየዘለሉ አንድ ትልቅ ገደል ይወጣሉ። እኔ ብቸና፣ ይታገስና ጓደኛችን ኡበይዳ ደግሞ ሞጣ ሆነን፣ እነሱ ከሥራ እኔ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ በስልካችን እየተነጋገርን እንጫወተው ነበር። አንዱ ሲወድቅ ሁለቱ ቶሎ ብለው «ያዝ» የሚለውን ከተጫኑ፣ የወደቀው ይንጠለጠልና ይጎትቱታል። ጫፍ ላይ ቀድሞ መድረስ ዋጋ የለውም፤ የሚቆጠረው ሦስቱም ሲቆሙ ብቻ ነው። ኡበይዳ ፈጣን ስለሆነ በመጀመሪያ ሰሞን ብቻውን እየዘለለ ሁላችንንም ገደል ይከትተን ነበር። ይታገስም «አንተ ፍየል፣ ገመዱ ወገብህ ላይ መሆኑን ማን ይንገርህ!» እያለ በስድብ አስተማረው። አሁን ወደ ነጥቦቹ ልግባ።

አንደኛ፦ ጨዋታው «ግዴለሽነትን ያስተምራል» ተብሏል። በጨዋታው ውስጥ ሊሰበር የደረሰ ጣውላ አስቀድሞ ይሰነጠቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አቧራም ከላዩ ይረግፋል። ያየው ሰው «እዚያ ጋ እንዳትረግጡ!» ብሎ ይጮኻል፤ ስለጮኸም ፈሪ አይባልም። ይታገስ ሰኞ ዕለት፣ ማለትም ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት፣ የሦስተኛው ፎቅ መወጣጫ ጣውላ በአንድ በኩል ሚስማር እንደሌለውና በሲባጎ ብቻ እንደታሰረ ለካቦ ፋንታ ነግሮት ነበር። ለማያውቁ አንባብያን፣ ካቦ ፋንታ ጋሽ ደምለው በሠራተኞቻቸው ላይ የሾሙት አለቃ ነው። የሰጠውም መልስ «ሚስማሩን ከሰማይ ላውርድልህ? ወንድ ከሆንህ ረግጠህ እለፍ» የሚል ነበር። ጨዋታው ብዙ ነገር አለው፤ እንዲህ ያለ ካቦ ግን የለውም። ይህ በጠንካራ ጎን ሥር እንዲመዘገብልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ሁለተኛ፦ «ወጣቶችን ከትምህርት ያዘናጋል»። ይህ እውነት ነው። በሒሳብ ፈተና ከሠላሳው ዘጠኝ ብቻ ያመጣሁት በእሱ ምክንያት ነው። እንዲያውም ኮሚቴው ያላያቸውን ጉድለቶች ልጨምርለት። ኔትወርክ ሲቆራረጥ አንዱ ተጫዋች ባለበት ይደርቅና ሁለቱን እንደ ድንጋይ ወደ ታች ይጎትታቸዋል። በአየር ላይ እያለህ ማስታወቂያ ይመጣብሃል። አንዱ ከተናደደ ሦስቱም ይጠፋሉ። ከሁሉም የከፋው ግን ሰዓቱ ነው። ወደ ጫፉ ስትቃረብ ሰከንዶቹ በቀይ መቁጠር ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ጆሮህ ከ«ዝለል» እና ከ«ያዝ» በቀር ሌላ ቃል አይሰማም።

ይታገስ ስለ ጣውላውና ስለ ካቦ ፋንታ የነገረን ሰኞ ምሽት በጨዋታው መካከል ነበር። ሠላሳ ሰከንድ ቀርቶን ነበር። እኔም «ወሬህን ተውና ዝለል!» አልሁት። ዘለለ። ጫፍ ደረስን፤ ኡበይዳ እልል አለ። ስለ ጣውላው መልሼ አልጠየቅሁትም፤ እሱም መልሶ አላነሣውም። ስለዚህ ጋሽ ደምለው፣ ይህን የምጽፈው ጨዋታውም ሆነ እኔ ንጹሕ ነን ለማለት አይደለም። እኔ ወንድሜን አልሰማሁትም፤ ይህን በማንኛውም ወረቀት ላይ ልፈርም እችላለሁ። ሚስማር አለመምታት ግን የእኔ ሥራ አልነበረም። ኮሚቴዎ የሁላችንንም ጥፋት ሰብስቦ፣ መልስ ሊሰጥ ለማይችለው ለአንዱ አሸክሞታል።

ሦስተኛ፦ «ሟች በወደቀበት ሰዓት ስልኩን ይዞ ይጫወት ነበር»። እሑድ አባቴ የሚፈርመው በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ስለሆነ ትንሽ ቆም እንድል ይፍቀዱልኝ። ይታገስ ሞጣ ላይ ያድርበት የነበረው የእርስዎ የሠራተኞች መጠለያ መብራት የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ስልኩን የኡበይዳ አባት አቶ ሐምዱ ሱቅ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይተወውና ከሥራ ሲወጣ ይወስደው ነበር። ማክሰኞም እንዲሁ አደረገ። የወደቀው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የልስን ጭቃ ተሸክሞ ሲያልፍ ነው። በዚያ ሰዓት ስልኩ የአቶ ሐምዱ ሱቅ ውስጥ፣ ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ እንደተሰካ ነበር። ኡበይዳ ለቀብር ሲመጣ በፌስታል ጠቅልሎ አምጥቶ፣ በሁለት እጁ ለእናቴ ሰጣት። «እማማ፣ ሞልቷል» አላት። ስንከፍተው መቶ በመቶ ይል ነበር። ጨዋታው ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች መጨረሻ የገባበትን ጊዜ ይመዘግባል፤ የይታገስ ሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ነው።

ስልኩን ይዤ ኮሚቴው ፊት ሁለት ጊዜ ቀርቤአለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ስብሰባ ላይ ነን» ተባልሁ። በሁለተኛው ቀን እርስዎ ራስዎ ስልኩን ሳይቀበሉኝ፣ ኡበይዳ የእድራችን አባል ስላልሆነ ቃሉ በደንባችን እንደማይያዝ በእርጋታ አስረዱኝ። እንግዲህ ሞጣ ላይ ስለሆነው ነገር ሞጣ የነበረው አይመሰክርም፤ ብቸና ቁጭ ያሉ ሰባት ሰዎች ግን ይመሰክራሉ። ወንድሜን በባሬላ ተሸክመው እየሮጡ ጤና ጣቢያ ያደረሱት ሁለት የቀን ሠራተኞችም እንዲሁ የእድራችን አባላት ስላልሆኑ ስማቸው በሪፖርቱ አልተጠቀሰም። ደንባችሁ እንዲህ ጥብቅ በመሆኑ ልትመሰገኑ ይገባል።

አራተኛ፦ «የወደቀ ሁሉ ተመልሶ ስለሚነሣ ሞትን ያቃልላል»። በዚህ ነጥብ ከኮሚቴው ጋር እስማማለሁ። ይታገስ በጨዋታው ስንት ጊዜ ወድቆ ስንት ጊዜ እንዳወጣነው ስልኬ ላይ ተቆጥሮ ተቀምጧል። ቁጥሩን አልጽፈውም።

የተከበሩ ጋሽ ደምለው፣ አገራችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል። እኔ ይህን ተረት ለእርስዎ ለመጥቀስ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም፤ ስለዚህ እንዳልጠቀስሁት ይቁጠሩልኝ። በምትኩ አንድ ትንሽ ልመና አለኝ። እሑድ ፊርማው በአዳራሹ ውስጥ መሆኑ ይቅርና ኮሚቴው በሙሉ ከአባቴ ጋር ወደ ሞጣ ይሂድ። ሰባታችሁም በመወጣጫው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጥታችሁ፣ ልጁ ቆሞበት በነበረው ቦታ ቁሙ። እዚያ ላይ ቆማችሁ ወረቀቱን ጮክ ብላችሁ ለአባቴ አንብቡለት። ያን ጊዜም ጥፋቱ የስልክ ነው የምትሉ ከሆነ እስክሪብቶውን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ፤ አባቴንም ዳግመኛ «አትፈርም» አልለውም። ስልክዎን ግን ከታች ለካቦ ፋንታ ትተውት ይውጡ፤ ከፍታ ላይ ስልክ መያዝ አደጋ እንዳለው በሪፖርትዎ አስተምረውናል።

ለቀብር ድንኳን ለመትከል ከሰው ሁሉ የሚቀድሙት እጆችዎ ወደፊት ሚስማር ለማቀበልም እንዲሁ ይፈጥኑ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ስለ ሦስቱ ቀን መቀመጥዎ፣ ስለ አራቱ ነጥብና ስለ ሰባቱ ፊርማ ያለኝን የማያልቅ ምስጋና እያቀረብሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

አክባሪዎ
አካለ ወልድ አምባቸው
የይታገስ ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
ለአባቴ ለአቶ አምባቸው፣ እስክሪብቶ ከማንሣቱ በፊት፤
ለኡበይዳ ሐምዱ፣ በደንቡ ባይያዝም፤
ለካቦ ፋንታ፣ እንዲያው ለመረጃ ያህል።

ማሳሰቢያ፦ እወድቃለሁ ብለው ስለ መውጣቱ አይስጉ፤ መወጣጫው አሁን አስተማማኝ ነው። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርዎ። ለቅሶ ደራሹ ተመናምኖ ዘመድ ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ አባቴና እናቴ ስለ አርባው ከካህናት ጋር ሊነጋገሩ ደብረ ወርቅ ሄደው እዚያው አደሩ። በቤቱ ብቻዬን ሆኜ ስነቃ የመጀመሪያዬ ጠዋት ነበር። ፊቴን ታጠብሁ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ለበስሁ፤ እግሬ ግን ወደ መናኸሪያ ወሰደኝና በሞጣ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ስደርስ ሠራተኞቹ ለቁርስ ወርደው ስለነበር የከለከለኝ ሰው የለም። አጣናዎቹ ተለውጠዋል፤ ገና ልጣጫቸው እርጥብ ነበር። ጣውላው ሁሉ አዲስ ነው፤ በየጫፉ ሁለት ሁለት ሚስማር ተመትቶበታል፤ በዳር በኩል ደግሞ የእጅ መደገፊያ ተሠርቶለታል። ጥፋተኛው የስልክ ጨዋታ ሆኖ ሳለ መወጣጫው በዚያው ሳምንት ለምን እንደታደሰ ሪፖርትዎ አይገልጽም፤ ምናልባት ገጽ አልበቃችሁ ይሆናል። እስከ ሦስተኛው ፎቅ ወጣሁ። መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ ባለኝ ኃይል ሁሉ ነቀነቅሁት። ንቅንቅ አላለም።