አንድ ሰው የጎደለው የገበያ ማዕከል

ለተከበሩ የከተማችን የንግድና የገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አሮጌውን የገበያ ማዕከል ለመዝጋት ስለደከሙልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት፣ እንዲሁም እስከ አራተኛ ፎቅ ቢሮዎ የሚያወጣና የሚያወርድዎትን አሳንሰር ደኅንነት እመኛለሁ። እኔ፣ በአሮጌው ማዕከል የሱቅ ቁጥር አሥራ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ከሃያ ሁለቱ ሱቆች ሃያ አንዱ ስለተዘጉ፣ «ነጋዴው ሁሉ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁም መልሱ ያው ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል።

ማዕከሉ በዚህ ወር መጨረሻ ተዘግቶ ለአዲሱ የገበያ ማዕከል ደንበኞች መኪና ማቆሚያ እንደሚሆን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ለሁሉም ነጋዴዎች» ስለሚል በሃያ ሁለት ቅጂ ነው የመጣው፤ የጽሕፈት ቤትዎ ተላላኪም ሌላ የሚፈርም ሰው ብታጣ ሁሉንም እኔኑ አስፈርማኝ ሄዳለች። በሃያ ሁለታችንም ስም አመሰግናለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ዝርዝሩን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ መብራቱ። ከኮሪደሩ አሥራ ስድስት አምፖሎች አሥራ አራቱን ለቁጠባ አስወልቀው ሁለቱን ስለተዉልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። አንዱ የሚበራው በእኔ በር ላይ፣ ሌላው ፊት ለፊት በተዘጋው ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ስትለቅ ትልቁን መስታወት መንቀል አቅቷት ትታው ስለሄደች፣ ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር ማዶ አንድ ሽማግሌ ከስፌት መኪናው ቀና ሲል አየዋለሁ። ታታሪ ሰው ነው፤ ጨዋታ ግን አያውቅም።

፪. ስለ መጸዳጃ ቤቱ። የውስጡን አሽገው ከመንገዱ ማዶ ባለው የአውቶቡስ መናኸሪያ እንድንጠቀም ስለፈቀዱልን እግሬ እንዳይተሳሰር ረድቶኛል። ይህ ውሳኔዎ ኋላ ላይ ምን ያህል እንደሚጠቅመን ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

፫. ስለ ድምፅ ማጉያው። ማምሻውን ለአሥራ ሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ሱቅ ቁጥር ሦስት ውስጥ ፎቶ ታነሳ የነበረችው ሴትዮ በደኅናው ዘመን የቀዳችው ድምፅ በራሱ ጊዜ ይነሳና «ውድ ደንበኞቻችን፣ ማዕከላችን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይዘጋል፤ ስለመጡልን እናመሰግናለን» ይላል። ሴትዮዋ ልጇ ዘንድ ከገባች አምስት ዓመት ሆኗታል። የሚሰማት እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ነውር እንዳይሆንብኝ «እኛም እናመሰግናለን» እላታለሁ። ማሽኑን ማጥፋት ስለዘነጉ የማመሰግንዎ ከልቤ ነው፤ አሁን ስላስታወስኩዎ ግን ይቆጨኛል።

፬. ስለ ቆጠራው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታዎ አይለየኝ። ወደ ማዕከሉ የሚገባው ሰው ለሰባት ቀን እንዲቆጠር፣ ከሰባቱ ቀን በአንዱ እንኳ ሃያ ሰው ከገባ ለአንድ ዓመት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ማዘዝዎ ፍርድ አዋቂነትዎን ያሳያል። ለቆጠራውም ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ላኩልን። መዝገብና እርሳስ ሲሰጧቸው ወንበር ስለዘነጉ፣ መምህሩ ወደ እኔ ሱቅ ብቅ ብለው «ጌታው፣ የምቀመጥበት ነገር አይጠፋም?» አሉ። ያለኝ ሁለተኛ ወንበር የባለቤቴ ነው፤ ቁልፍ የምትተክለው እሷ ነበረች። ካረፈች ወዲህ ለአራት ዓመት የተቀመጠበት ቁርጥራጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ጨርቁን አንስቼ ወንበሩን ሰጠኋቸው፤ የማዕከሉ በር ከሱቄ ስለሚታይ እዚያው ከእኔ ጋር ተቀመጡ።

መመሪያዎ «በሩን አልፎ የገባ ሁሉ በገባ ቁጥር አንድ ተብሎ ይቆጠራል» ስለሚል፣ በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰው ተመዘገበ፤ ስድስቱ ከመናኸሪያው መጸዳጃ የምመለሰው እኔ ነበርኩ። ይህ አግባብ ነው ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ መምህሩ መነጽራቸውን ጠርገው መመሪያውን እንደገና አነበቡና «እርስዎ ሰው አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ከጠየቀኝ ስለቆየ፣ ለመመለስ ትንሽ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ሻይ ማብዛት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን አሥራ ሦስት፣ በአምስተኛው አሥራ ስድስት፣ በሰባተኛው ቀን ማምሻ አሥራ ዘጠኝ ሞላን፤ አሥራ አምስቱ እኔ፣ ሁለቱ ዚፕ ሊያስቀይሩ የመጡ እናትና ልጅ፣ አንዱ መንገድ ጠያቂ፣ አንዱ ከዝናብ የሸሸ። የፎቶዋ ሴትዮ ድምፅ ሲነሳ ገና አሥር ደቂቃ ነበረን። «እባክዎ አንዷን ጣል ያድርጉና ሃያ ይበሉን» ብላቸው፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው «ጌታው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር አሥራ ዘጠኝን ሃያ ብዬ ያሳለፍኩት ልጅ የለም» አሉ። እሳቸው ወጥተው ይግቡ እንዳልል፣ ቆጣሪ አይቆጠርም ይላል መመሪያዎ። እኔ ግን ወጥቼ መግባት እችል ነበር፤ ከወንበሬ እስከ በሩ አርባ እርምጃ ነው፤ ጉልበቴም ያን ዕለት አልከፋም።

ነገር ግን መምህሩ ጨዋታ ጀምረው ነበር። የማባዣ ሠንጠረዥን በዜማ ካልሆነ ማስታወስ ስለማይችል አንድ ተማሪያቸው ነበር የሚያወጉኝ፤ ልጁ በፈተና ሰዓት ማንጎራጎር ሲጀምር ክፍሉ በሙሉ እየተቀበለው፣ ርእሰ መምህሩ ሮጠው ገብተው ሳያስቡት አብረው ሲያዜሙ። እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ወንበሩ ከሥራቸው እየተንቋቋ፣ እየሳቁ ነበር የሚነግሩኝ። በሱቄ ውስጥ የሌላ ሰው ሳቅ ከሰማሁ አራት ዓመት ሆኖኛልና፣ አቋርጬ መነሳት አልሆነልኝም። ልጁ ፈተናውን ማለፉን ስሰማ አሥሩ ደቂቃ አልቆ ነበር።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤዎ «ሰው በመጥፋቱ ይዘጋል» የሚለው መጠነኛ እርማት ያሻዋል፤ ማዕከሉ የሚዘጋው ለአሥር ደቂቃ ሰው በመገኘቱ ነው።

፭. ስለ ወደፊቱ። የመኪና ማቆሚያውን አልቃወምም፤ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ሳይነጋገሩ መዋል ስለሚችሉ ለቦታው ከእኔ ይሻላሉ። በአዲሱ ማዕከል ሦስተኛ ፎቅ ለልብስ ሰፊ ያሰቡልኝን ቦታም በሥዕሉ ላይ አይቻለሁ። አንድ የስፌት መኪናና አንድ ወንበር ልክክ ብሎ ይገባል፤ «ተጨማሪ መቀመጫ ክልክል ነው» የሚለውም በቀይ ተጽፏል። ቆጠራው ካለቀ ወዲህ መምህሩ ሁለት ጊዜ መጥተው ተጫውተው ሄደዋል፤ መዝገብ ስላልያዙ የትም አልተጻፈም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ የት እንደማስቀምጣቸው ጽሕፈት ቤትዎ በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሌላ አቤቱታ የለኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አንድ ክር ብቻውን ቁልፍ ከያዘ ይበቃዋል።

ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

የአሮጌው ገበያ ማዕከል ነጋዴዎች ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ እና አባል
የቁጥር አሥራ አንዱ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ማዶ መስታወት ውስጥ ላለው ሽማግሌ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የአዲሱን ማዕከል ሪባን በሚቆርጡበት ዕለት ዋዜማ ሾፌርዎ ያመጣው ግራጫ ሱሪዎ፣ በታዘዘው መሠረት ሁለት ጣት አጥሮ፣ ተተኩሶ፣ ስምዎ ተለጥፎበት እስከ ዛሬ ተሰቅሏል። በሰባተኛው ቀን ሊወስዱት ብቅ ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ሃያ እንሞላ ነበር።