በተመለሰልኝ ግብር የገዛሁት ሮቶ

ለልጄ ለሰይፈሚካኤል፤

ሥላሴ በሰው አገር ከክፉ ይሰውሩህ። የአዳማ ንፋስ አቧራ ማልበሱን ባይተውም፣ እኔ ደህና ነኝ።

የሱቄ ግብር በዝቶብኝ ያቀረብኩት አቤቱታ ተሰማና መንግሥት በትርፍ የከፈልኩትን መለሰልኝ። ጎረቤቴ ሃፍሳ «መንግሥት የወሰደውን ሲመልስ ካንቺ በቀር ለማን አየን?» ብላ ስቃለች። አንተ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅህ ደውለህ «እማዬ፣ እንዳትነኪው፣ ባንክ አስቀምጪው» አልከኝ።

አልሰማሁህም። የውሃ ሮቶ ገዛሁበት።

አባትህ ሮቶ እንግዛ ሲል «ቆጥቡ» ያልከው አንተ ነህ። የተማረ ልጁ ከተናገረ ወዲያ እሱ ምን ቃል ነበረው? በታመመ ልቡ ከቦኖ ውሃ በጀሪካን ሲያመላልስ በራችን ላይ ወደቀ። የቆጠብነው ብር ለድንኳኑና ለንፍሮው ዋለ።

ዘንድሮ ለሙት ዓመቱ አልደገስኩም። የሮቶውን ቧንቧ ከአጥር ውጭ አስወጣሁት። ውሃ ሲጠፋ መንደርተኛው እየቀዳ «የኃይለየሱስን ነፍስ ይማር» ይላል።

እናት ነኝና አልረግምህም፤ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ስትመጣ ምክርህን እዚያው ተወው። ከቧንቧው አንድ ጀሪካን ሞልተህ፣ አባትህ እስከወደቀበት በር ድረስ ተሸከምልኝ።

እናትህ ዘመናይ