ባሌ ሙዚየም ሲያስጎበኘኝ

ጥቅምት 4
ዛሬም ጉብኝት። ባሌ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በአውራጃችን በአኪታ ያልረገጥነው ጥንታዊ ቤት የለም። የዛሬው የመሳፍንት ግንብ ነው። ሊፍት አለው... ግድግዳውን በመዳፉ እየመታ፣ «አየሽ የድሮ ሰው ሥራ!» አለኝ። የምን የድሮ ሰው? ልጅ ሆኜ ሲሚንቶውን ሲያቦኩ ቆሜ አይቻለሁ።

ያንን የያዝኩትን ጉዳይ ልነግረው ነበር። አፌን ስከፍት የጎራዴ አሠራር ማስረዳት ጀመረ።

ጥቅምት 5
ልጄ ቺዙሩ ደወለች።
«እማ፣ ነገርሽው?»
«አልነገርኩትም።»
«ደግሞ ምን አገደሽ?»
«ጎራዴ።»
ሳቀች። እኔ ምኑ ያስቀኛል? የምነግረው አንድ ነገር ነው፤ ወደ እናቴ ቤት ልገባ ነው፣ ብቻዬን። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ባዶውን ነው ያለው። ፍቺ አይደለም። «ከትዳር መመረቅ ይባላል፣ ስንቱ ያደርገዋል» ትላለች ቺዙሩ። በስልሳ ሰባት ዓመቴ ልመረቅ... እንደ ተመራቂ ተማሪዎች ኪሞኖ ልከራይ እንዴ?

እጠላዋለሁ? አልጠላውም። ዕድሜውን ሙሉ መሥሪያ ቤት ኖሮ፣ ቤት ሲገባ «እራት፣ መታጠቢያ፣ መኝታ» ነበር ወሬው። አሁን አፉ ሲከፈት ደግሞ ስለ ገንቦና ስለ ጦር ሆነ። አንድ ቀን እንኳ ስለ እኔ ጠይቆኝ አያውቅም። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ጥቅምት 11
የሸክላ ሙዚየም። አስጎብኚው ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሽማግሌ ናቸው። ገና «ይህ ገንቦ...» ሲሉ ባሌ ቀደማቸው። የአፈሩን ዓይነት፣ የእሳቱን ኃይል፣ ምኑ ቅጡ! ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «ኧረ ጌታዬ፣ እርስዎ ያስጎብኙን እንጂ!» አሉ። አፍህን ዝጋ ማለታቸው ነው። እሱ ግን አመስግኖ ቀጠለ። እኔ አፍሬ ገንቦው ውስጥ ብገባ ደስ ባለኝ።

ጥቅምት 12
ዝናብ። እግሬ አብጧል። እሱ የሚቀጥለውን ካርታ እያጠና ነው።

ጥቅምት 18
ነገርኩ። ለማን ነው የነገርኩት? ወይኔ...

የድሮ ሳሙራይ ጦረኛ ቤት ውስጥ ነበርን። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ቤቱ ድንግዝግዝ ያለ ነው። እሱ መግቢያው ላይ ለማያውቃቸው ሰዎች ስለ ጣሪያው ሲያስረዳ ቆየና ድምፁ ጠፋ። ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባሁ። የመጨረሻው ክፍል ውስጥ፣ ምድጃው ዳር፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ትከሻው ጎበጥ ብሏል። ዝም ብሏል። እሱ? ዝም? ደከመው መሰለኝ፣ አንጀቴን በላው። ግን አሁን ካልሆነ መቼ?

ከኋላው ተንበርክኬ፣ ሁለት እጄን ምንጣፉ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፋሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአንተታ አይነገርም፣ አንቱ አልኩት።

«ለረጅም ዘመን ተንከባክበውኛል፣ አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ ግን በእናቴ ቤት ብቻዬን ልኑር። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ግን አንድ ቀን እንኳ ‹አንቺስ?› ብለውኝ አያውቁም።»

አላቋረጠኝም! እስከ መጨረሻው ሰማኝ። እንባዬ መጣ። ቀና ብዬ ሳየው ፀጉሩ አናቱ ላይ ተቋጥሯል። ባሌ ራሰ በራ ነው።

አሻንጉሊት! ለጎብኚ የተቀመጠ፣ ሰው የሚያክል አሻንጉሊት።

ዞር ስል እሱ በሩ ላይ ቆሟል። ከመጸዳጃ ቤት መምጣቱ ነው፤ እዚያው ተትቶ የሚወጣውን የመጸዳጃ ቤት ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ምንጣፉን ረግጦታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህ ነበር።

«ፉሳኤ፣ ሁሉንም ሰማሁ» አለኝ። በስሜ ከጠራኝ ስንት ዘመኑ! ስለ አሻንጉሊቱ አንድም ማብራሪያ አልሰጠም።

አውቶቡስ ውስጥ፣ «የሩዝ መቀቀያውን ማን ይወስደዋል?» አለ።
«አንተ። መቀቀል ትማራለህ።»

ኅዳር 3
እናቴ ቤት ነኝ። እንዴት ያለ ጸጥታ ነው! ደስ ይላል... ማታ ላይ ግን ራዲዮ ከፈትኩ። ለቺዙሩ አልነግራትም።

ኅዳር 22
በር ተደወለ። እሱ ነው። ቁልፍ አለው፣ ግን ደወለ። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ሰው ቤት ሲገባ እንደሚባለው፣ «ላስቸግር ነው» አለ። ግባ እስክለው ጠበቀ። ጫማውን አውልቆ፣ ሲወጣ እንዲመቸው ጎንበስ ብሎ ወደ በሩ አዞረው። እቤታችን እኔ ነበርኩ የማዞርለት።

በጭስ ደርቆ የኮመጠጠ ፍጅል ይዞ መጥቷል። ራሱ ነው የከተፈው። አንዱ ቁራጭ እንደ ወረቀት ስስ፣ አንዱ ጉማጅ። ሻዩን ሳቀርብለት፣ «አንቺስ... እዚህ እንዴት ነሽ?» አለኝ።

ነገርኩት። ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለ ጎረቤቴ ድመት፣ ስለ እናቴ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ስለ ምሰሶው ሊጀምር ሲል አየሁት። አፉን በፍጅል ሞላው።

ሊሄድ ሲል፣ «በሚቀጥለው ሳምንትም ብመጣስ?» አለ።
«ላስብበት» አልኩት።

ፊቱ ጠወለገ። እጅ ነሥቶ ሄደ። ምን ነካው ብዬ... ለካ! እኛ አገር ላስብበት ማለት እምቢ ማለት መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። እኔ እኮ የእውነት ላስብበት ነበር! በካልሲዬ እስከ መንገዱ ሮጥኩ።

«የቺዙሩ አባት! የምሬን ነው! አስብበታለሁ!»

ጎረቤቷ መስኮት ከፈተች። እሱ ከማዶ ቆሞ ራሰ በራውን ዳበስ ዳበስ አደረገ፤ ግራ ገብቶታል። እንዲህ ያለ መልስ ማን ሰምቶ ያውቃል?

አሰብኩበት። ይምጣ።