ተራራው ላይ የተነጠፈው አበባ

ውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት እሺ አለሽ ወይስ አሁንም በጎረቤት ምክር መድኃኒት እየለዋወጥሽ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጣቶቼ በብርድ አብጠዋል፤ ጽሕፈቴን ዶሮ የጫረው ይመስላል ብለሽ እንዳትስቂብኝ።

«ወንድምሽ መቼ ይመጣል?» ትይኛለሽ። እዚህ ተራራ ላይ ወጥቶ ከቀረ አራት ዓመቱ፣ አንቺ ግን ትራሱን ዛሬም ፀሐይ ላይ ታሰጪለታለሽ። እኔም እዚህ የተቀጠርኩት እሱን ልፈልግ እንጂ አበባ መለካት አምሮኝ አይደለም። ይኸው ተናገርኩት።

አበባው ከመሬት ቀና አይልም። ጠጠሩ ላይ ተለጥፎ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ በዓመት ቢሰፋ የጥፍር ያህል ነው። ከገደሉ አፋፍ ያለው አንዱ ግን፣ እማዬ፣ የሰው ቁመት አክሏል። የዛሬ አራት ዓመት ቦታው ባዶ ነበር፤ መዝገቡ ላይ አለ። ጠዋት ውርጩ ሁሉን ሲያነጣ እሱ ላይ አያርፍም። እጄን ሳሳርፍበት ይሞቃል።

ሽማግሌው ጥበቃ በዚያ ሲያልፉ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ምነው ብላቸው፣ የተኛ ሰው አይረገጥም አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አለቃዬ ደግሞ ለክተሽ ተሳስተሻል ብሎ ጮኸብኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላል፤ ሰኞ አካፋ ይዞ ሊቆፍረው ይመጣል።

እንዲያው በሞቴ፣ በሩ መቃን ላይ ቁመታችንን በቢላ ትጭሪው የለ? ወንድሜ «ጢም ካበቀልኩ በኋላ ምን ትለኪኛለሽ?» እያለ ሲስቅብሽ የጫርሽውን፣ የመጨረሻውን፣ ለኪልኝ። የእኔ ሜትር አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት ይላል። ልክ ከሆነ ትራሱን አንሺው፤ አልቅሺም። እኔ ብቻዬን አልቻልኩትም። አበባውን ግን አካፋ አላስነካውም፣ ላዩ ላይ ተኝቼም ቢሆን።

አንድ ነገር ልደብቅሽ ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለ። ባለፈው ሳምንት ከጎኑ ሌላ ወጥቷል፣ ከእሱ በአንድ ራስ ያጠረ። ትናንት ደክሞኝ ጋደም አልኩበት። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ሞቀኝ፤ መነሳት አስጠላኝ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ሙቀት አይለየው። ከእሱ ጭረት ዝቅ ብሎ ያለውን፣ የእኔን፣ ግን እንዳትለኪው።

ታናሿ ልጅሽ