ቆርኪዋን ማን ገለበጣት?

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፦

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? በእማዬ ስልክ ላይ በፎቶ ብቻ የማውቃት ልጅህስ ጥርስ አወጣች? ወገብህስ? ሥራህ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል ነው ብላ እማዬ ስለነገረችኝ፣ የጫማህን ጤና ሳይቀር መጠየቅ አምሮኛል። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት አንድ ቀን ይብስባታል፣ አንድ ቀን ይሻላታል፤ ምላሷ ግን ተመስገን ነው፣ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም።

ደብዳቤ ሲደርስህ ደንግጠህ ማን ሞተ እንደምትል አውቃለሁ። ማንም አልሞተም፣ ተረጋጋ። ሦስት ዓመት ሙሉ በእማዬ አፍ «ሰላም በያት»፣ «ሰላም በይው» ስንባባል ከርመን ዛሬ በገዛ እጄ ስጽፍልህ ለራሴም ገርሞኛል። ያልደወልኩት ገና «ሄሎ» ስትል ወይ እንደምቆጣ ወይ እንደማለቅስ ስለማውቅ ነው። ደግሞ በስልክ የማይላክ ነገር ፖስታው ውስጥ አለ። አሁን እንዳትፈልገው፣ መጀመሪያ አንብብ። እንደማትሰማኝም አውቃለሁ።

እኔ ያው ኮምፒውተር ጥገና ቤት ነኝ። የሱቁን ባለቤት በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ቶሎ ይደርሳል» ነው የሚባለው። የደንበኛውን ላፕቶፕ በታትኖ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶት እንኳ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቶሎ ይደርሳል» ይላል። ሰውየው ክፉ አይደለም። እኔም ከማራገቢያ አቧራ ስነፋ፣ የተሰበረ ስክሪን ስቀይር፣ ሻይ የተደፋበት ኪቦርድ ሳደርቅ እውላለሁ። ታዲያ ቀኑን ሙሉ የሰው ኮምፒውተር ሳፈጥን ውዬ ቤት ስገባ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ የገዛኋት የኔዋ ስታዘግም እልህ ያዘኝ።

ነገሩ የተጀመረው የጌሙን ምስል በሚያሳምረው ግራፊክስ ካርድ ነው። ሱቃችን የሚመላለሱ ጌመኞች «ያለዚህ ካርድ የዘንድሮ ጌም ጌም አይደለም» ሲሉ ሰማሁና ገዛሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እኔ ነኝ። ካርዱ መጣ፤ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ አልችለውም አለ። እሱን ቀየርኩ፤ ካርዱ ከመርዘሙ የተነሳ ሣጥኑ፣ ኬዙ፣ አልዘጋ አለ። ኬዝ ቀየርኩ። ከዚያ ራሙ አነሰ፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩ ወደ ኋላ ጎተተው፣ ፕሮሰሰር ስገዛ ማዘርቦርዱ አልመጥነውም አለ። መጨረሻ ላይ ከድሮው የቀረ ማውዙ ብቻ ነበር። እማዬ ከጀርባው የሚወጣውን ሙቀት ካወቀች ወዲህ «ማሞቂያው» ብላ ስም አውጥታለት እርጥብ ካልሲዎቿን ታሰጣበታለች። አሁን ጌም ልጫወት ብዬ ስቀመጥ መጀመሪያ ካልሲ እሰበስባለሁ።

ካርዱ ሥራውን ይሠራል፣ ውሸት አልናገርም። የሣሩ ቅጠል አንድ በአንድ በነፋስ ይወዛወዛል፣ በወታደሩ ግንባር ላይ ላብ ይታያል። አምስት ደቂቃ ወይ ጉድ እያልኩ ተጫወትኩ። በስድስተኛው ተነሥቼ ፍሪጅ ከፈትኩ፣ ምንም ሳልወስድ ዘጋሁ፣ ተመለስኩ። ሌላ ጌም ከፈትኩ። እሱ ደግሞ መጀመሪያ አካውንት ክፈቺ፣ ከዚያ ውሉን ተቀበይ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን የሚወርድ ማሻሻያ ጠብቂ አለኝ። ገና ገብቼ ዙሪያዬን ሳላይ ለተዋጊሽ ኮፍያ ግዢ ይለኛል። ኮፍያ! እኔ ራሴ ኮፍያ የለኝም። ደግሞ የየቀን ሥራ ያዛል፤ ዛሬ አሥር ጠላት ግደይ፣ ነገ ሃያ ድንጋይ ልቀሚ። ከቶሎ ይደርሳል ወጥቼ ሌላ አለቃ ቤት የገባሁ መሰለኝ። በኢንተርኔት ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስጫወት ደግሞ አንዴ ከሳትኩ እናቴን ሳይቀር ይሰድባሉ። ካልሲ ከማስጣት በቀር ምን አደረገቻቸው?

እንዲህ ቁጭ ብድግ ስል ወራት አለፉ። ጥፋቱን ከዕቃው ፈለግሁ፤ ስክሪን ቀየርኩ፣ ወንበር ቀየርኩ፣ ያንን ማውዝም ሳይቀር ቀየርኩ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ሲባል አልሰማሁም መሰለኝ። ቶሎ ይደርሳል ኮምፒውተሬን አገላብጦ አየና እሷ ጤነኛ ናት፣ ባለቤቷን አስመርምሪ አለኝ። ሳቅሁ፣ ግን ከነከነኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድም ጌም ጨርሼ አላውቅም።

የሁለታችን የነበረችው አሮጊት ኮምፒውተር እዚያው ጥግ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ናት። ያቺን የሁለት መንግሥታት ጌማችንን ታስታውሳለህ? አንተ ከወንዙ ወዲያ፣ እኔ ከወንዙ ወዲህ፣ መሐል ላይ አንድ ድልድይ። እማዬ ትምህርታችሁን አጥኑ ብላ ስለከለከለችን በቀን አንዳችን አንድ ተራ ብቻ እንጫወት ነበር። ትምህርት ከጨረስንም በኋላ አልተውነውም። ተራውን የጨረሰ ሰው ኬዙ ላይ ያለችውን የለስላሳ ቆርኪ ይገለብጣል፤ ቀለሟ ወደ ላይ ከሆነ ያንተ ተራ፣ ጥርሷ ወደ ላይ ከሆነ የኔ። ያለ ተራው ኮምፒውተሩን የከፈተ ሳምንት ሙሉ የቤቱን ዕቃ ያጥባል። እኔ ሁለቴ ተይዤ ሁለት ሳምንት ማጠቤን፣ አንተም አጠገቤ ቆመህ ያላጠብኩትን ጭልፋ ስታሳየኝ መክረምህን አልረሳሁም።

የዚያን ሰሞን ነገር አሁንም ያመኛል። ወደ ሰው አገር መሄድህን ለሰው ሁሉ ነግረህ ለእኔ አራት ቀን ሲቀር ነገርከኝ። እኔም ሂድ፣ ማን ያዘህ አልኩህ። የሄድክ ዕለት ጠዋት ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የተኛሁ መሰልኩ። አልተኛሁም ነበር። በር ላይ ቆመህ ስትጠብቅ ጫማህ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ። አልተነሣሁም። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚሉት እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ መጠበቅ ብቻ ሆነ፤ ታላቅ እሱ ነው፣ ጥሎ የሄደውም እሱ ነው፣ መጀመሪያ የሚደውለውም እሱ ነው አልኩ። በዚያች ኮምፒውተር አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ቆርኪዋን አያለሁ፤ ቀለሟ ወደ ላይ ነው። ይኸው ተራው የእሱ ነው እያልኩ ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ተራዬ አልነካሁም።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት አንድ አዲስ ጌም ከመግዘፉ የተነሳ ዲስኬን ሞልቶ አልጫንም አለ። የአሮጊቷ ሃርድ ዲስክ ትዝ አለኝ። ነቅዬ፣ ጠርጌ፣ ለአዲሱ ላደርገው አሰብኩ። እፍረት የለኝም፣ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። የቶሎ ይደርሳል አንድ ጥሩ ሕግ አዳነኝ። አንድ ጊዜ የሙሽራ ሠርግ ፎቶ ሳያይ አጥፍቶ ሙሽሪት ሱቃችን ድረስ መጥታ ካለቀሰችበት ወዲህ፣ ውስጡ ሳይታይ የሚጠረግ ዲስክ የለም። እጄም ለምዶ ኖሮ ከፍቼ አየሁ። ጌማችን እዚያው ነበር። ልክፈተው ብል ያ ሁሉ ብረት የታጨቀበት አዲሱ ኮምፒውተር ይህ ጌም አርጅቷል፣ አይሠራም ብሎኝ እርፍ!

ስለዚህ ዲስኩን ለአሮጊቷ መልሼ፣ አቧራዋን አራግፌ፣ አበራኋት። እንደ እማዬ ጉልበት እያቃሰተች ተነሣች። ጌሙ ሲከፈት ከላይ በቀይ የተጻፈውን አየሁ፦ ተራው የብሎን ነው። የቤቱን ብሎን ሁሉ እየፈታሁ ስደብቅ አንተው ያወጣህልኝ ስም! መጀመሪያ የተሳሳተች መስሎኝ የመጨረሻውን ቀን ተመለከትኩ። የሄድክበት ዕለት ጠዋት ነው። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሳኮርፍ አንተ ተቀምጠህ ተራህን ተጫውተሃል። ሁለት ወር የዘጋህብኝን ድልድይ ወታደሮችህን በሙሉ አንሥተህ ከፍተኸዋል። ለተራበው ሕዝቤም አርባ ጋሪ እህል ልከሃል። ጋሪዎቹ ድልድዩ ጫፍ ላይ በተርታ ቆመዋል፤ ሦስት ዓመት እኔን ሲጠብቁ።

እማዬን ጠርቼ ቆርኪዋን ማን ገለበጣት አልኳት። ምንም ሳይሰማት እኔ ነኝ አለች። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራ ስትጠርግ ጥርሷን አግጣ ስታያት እያስጠላቻት የሚያምረውን ፊቷን ወደ ላይ ታደርገዋለች። ቀጥላ ያንን ጠዋት አንተ ኮምፒውተሩን ትየው ብለህ አደራ እንዳልካት አስታወሰች። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት። ስሙን እንዳታነሺብኝ ብለሽ ወር ሙሉ አፌን ዘግተሽው፣ ከዚያ ረሳሁት አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ብያለሁ። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እማዬም ግራ ገብቷት በደረቀ ካልሲ እንባዬን ጠረገችልኝ።

ወንድም ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። በር ላይ ቆመህ ስትጠብቀኝ መነሣት ነበረብኝ። ናፍቀኸኛል። ቆርኪዋን ማመካኘት ይቻል ነበር፤ ግን ስልኩ ላይ ቆርኪ አልነበረም። ጋሪዎቹን በሙሉ አስገብቻለሁ፣ ሕዝቤ በልቷል። ድልድዩ ላይ አንድም ወታደር አላቆምኩም። አሮጊቷን ከእንግዲህ ያላንተ ቃል አልከፍታትም፤ አንተ በስልክ ትነግረኛለህ፣ እኔ አንቀሳቅስልሃለሁ። ይህን ስጽፍ አራት ጊዜ ተነሥቼ ፍሪጁን ከፍቻለሁ፤ ደብዳቤው በስንት ቀን ይደርስ ይሆን እያልኩ እግሬ አላርፍ ብሏል። ካርዱን ልሽጠው ብልም እማዬ ካልሲዬን የት ላስጣ ብላ ተቆጥታለች።

እማዬ ግንባርህን ትስማለች፣ ሹራብ ልበስ ብላለች። አክስታችን ዝምታችሁ አበቃ ወይ ብላ ሰላም ብላሃለች። ቶሎ ይደርሳልም ሰላም ብሎሃል፤ ፖስታውን ሲያይ ምን እንዳለ ታውቀዋለህ። ባለቤትህን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ አቧራ ስትጠርግ ፖስታው ውስጥ ያለችውን ቆርኪ እንዳትነካ ግን አደራ። ልጅህንም ጉንጯን ሳምልኝ፣ እንዳትውጣትም ጠብቃት። አክስትሽ ናት የላከችው በላት። ቀለሟን ወደ ላይ አድርገህ አስቀምጣት።

እህትህ ብሎን

ከአሮጊቷ ኮምፒውተር ጠረጴዛ፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን፤ አቧራ ሳይጠረግ በፊት