ጉንጬን ሳይስም ለወደደኝ ለታዴ

ውዴ ታዴ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ።

እኔ አለሁ። ያው ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ደረጃውን አሁን በከዘራ ነው የምወጣው። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሉት የነርቭ በሽታዬ ግራ እግሬን አስንፎታል። የፊቴ ነርቭ ሕመም ደግሞ እንደምታውቀው ነው፤ ንፋስ ሲነካኝ፣ ሳኝክ፣ አንዳንዴም ሳወራ ብቻ ግራ ጉንጬን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ያደርገዋል። ሐኪሙ ኪኒኑን ቀስ እያለ ጨምሮልኛል። ጥርሴን በለብ ያለ ውሃ እቦርሻለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት በኩል አልቀመጥም። ድሮ እዚያ የምትቀመጠው አንተ ነበርክ፤ ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ንፋሱን በትከሻህ ትከልልልኝ ነበር። ጉንጬን አትስምም፤ የምትስመው እጄን ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ እህትህ ስለ ብርቄ ነው። እትዬ ማለቱን ትቼዋለሁ።

በሰልስትህ ቀን ለቀስተኛው ሊስመኝ ጎንበስ ባለ ቁጥር ጉንጬን በእጄ ከለልኩ። ማልቀስም አልቻልኩም፤ ፊቴ ሲኮማተር ሕመሙ ይነሳል። ብርቄ ድንኳኑ መሀል ቆማ «ወንድሜን ቀብራ ለጉንጯ ትሳሳለች! እዩልኝ፣ እንባ እንኳ የላትም!» አለች። ያንን ቻልኩት። ከዚያ ቤት ገብታ ኪኒኔን ከኮመዲኖው አወጣችና «ያደነዘዛት ይሄ ነው» ብላ ሽንት ቤት ደፋችው።

ሁለት ቀን ውሃ መዋጥ አቃተኝ። አንተ መሞትህን እንኳ ረስቼ ስለ ጉንጬ ብቻ አሰብኩ። የማልምራት ለዚህ ነው፤ ሐዘኔን ነጠቀችኝ። ከታች ሱቅ ያላት ዘይነባ ባዶውን ካርቶን ይዛ፣ የቃሊቲን ፋርማሲዎች አዳርሳ መድኃኒቱን ባታመጣልኝ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ዓመቱን ሙሉ ጠበቅኳት። በሙት ዓመትህ ቀን ብርቄ ከቄሱ አጠገብ ተቀምጣ እንዴት እንዳስታመመችኝ ስታወራ፣ ከዘራዬን ይዤ ተነሳሁ። ያደረገችውን አንድ በአንድ ተናገርኩ። እያንዳንዱ ቃል ጉንጬን ይሰነጥቀው ነበር፤ ግን አላቆምኩም። ቄሱ «እውነት ነው?» ብለው ጠየቋት። «ለጤናዋ ብዬ ነው» አለች። እሳቸውም የያዙትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሱ። ስትወጣ አንድ ሰው አልሸኛትም። በረንዳ ላይ ቆሜ ብቻዋን ባጃጅ ስትፈልግ አየኋት። ደስ አለኝ፣ ታዴ። ከሰዓቱን ሙሉ በሕመም ስንከባለል ዋልኩ፤ ደስታዬ ግን አልቀነሰም።

ሁለቴ ሽማግሌ ላከች። «ለሟቹ ስትይ» አሉኝ። ለሟቹ ስል እምቢ አልኩ።

አንተ ብትኖር ታስታርቀን ነበር፤ ልብህን አውቀዋለሁ። ቅር ቢልህም ልዋሽህ አልችልም። በየዓመቱ እዘክርሃለሁ፤ ቢያመኝም ስምህን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። እስክመጣ ድረስ አልረሳህም። ብርቄ ግን ደጄን አትረግጥም።

ያንተዋ ሰናይት